ወሰንና ውሳኔ

«ወሰነ» ከሚለው ግሥ ብዙ ቃላት ይመነጫሉ። «ወሰን» የአንድ ይዞታ ዳርቻ፣ የእኔና የአንተ የሚለይበት መሥመር ነው። «ውሳኔ» ከብዙ አሳብ መካከል አንዱ ተለይቶ የሚጸናበት ፍርድ ነው። «ወሰንተኛ» በድንበር የሚገናኝ ጎረቤት ሲሆን፣ «ውሱን» ደግሞ ልክና መጠን ያለው ማለት ነው። የሁሉም ሥር አንድ ነው።

ዝምድናው በቃላት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በገጠር የሁለት ገበሬዎች የእርሻ ድንበር ሲያከራክር ሽማግሎች ከሥፍራው ይሰበሰባሉ፤ የግራ ቀኙን ቃል ይሰማሉ፤ በመጨረሻም በሁለቱ ማሳ መካከል ድንጋይ ይተክላሉ። ቃላቸው ውሳኔ ነው፤ ድንጋዩ ወሰን ነው። ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ይኸውም በዚህኛው ማሳ ላይ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው ይህኛው ገበሬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውሳኔ ወሰንን እንደሚወልድ ሁሉ፣ ወሰንም በበኩሉ ወሳኙ ማን እንደ ሆነ ይለያል።

በከተማም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የድንጋዩን ሥፍራ ካርታ፣ የሽማግሎቹን ሥፍራ ምክር ቤት መያዙ ነው። የከተማን ኑሮ ከሚነኩ ውሳኔዎች መካከል ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው መራጩ ሕዝብ የሚከፋፈልበት ወሰን ነው፤ ሁለተኛው ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ የሚሰበሰብበት፣ የሚለይበትና የሚጣልበት ሁኔታ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ሁለቱ ጨርሶ የሚገናኙ አይመስሉት ይሆናል፤ አንዱ የወረቀትና የማኅተም፣ ሌላው የአካፋና የጋሪ ሥራ ነውና። በአዲስ አበባ ግን ተገናኝተዋል፤ ግንኙነታቸውም የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሷል።

አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ብዙ ጊዜ ተከፋፍላለች። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ከተማዪቱም በ25 ከፍተኛና በ284 ቀበሌ ተመደበች። ከ1983 ዓ. ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከፍተኛው ቀርቶ 28 ወረዳዎች ተደራጁ። በ1995 ዓ. ም. ዐሥር ክፍለ ከተሞች ተመሠረቱ። በ2013 ዓ. ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛው ክፍለ ከተማ ተጨመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አድራሻው ደጋግሞ ተለውጧል። ዛሬም አንድ ሽማግሌ ሰፈራቸውን ሲጠየቁ በድሮው ከፍተኛና ቀበሌ ቁጥር ቢመልሱ የሚያስገርም አይደለም።

እነዚህ የአስተዳደር ወሰኖች ናቸው። የምርጫ ክልል ወሰን ግን ከነዚህ የተለየ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልካቸው እንደራሴዎች 23 በመሆናቸው ከተማዪቱ 23 የምርጫ ክልሎች አሏት። ሆኖም በ2013 ዓ. ም. በተደረገው ምርጫ እንኳ የክልሎቹን ዝርዝር የተመለከተ ሰው «ምርጫ ክልል 28» የሚል ያገኝ ነበር። ጠቅላላው 23 ከሆነ 28ኛው ከየት መጣ? መልሱ ከዚህ በላይ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የምርጫ ክልሎቹ የተሠመሩት ከተማዪቱ 28 ወረዳዎች በነበሯት ዘመን ነው፤ ቁጥራቸውንም የወሰዱት ከነዚያው ወረዳዎች ነው። አንዳንዶቹ ወረዳዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ክልል ስለ ሆኑ ድምሩ 23 ላይ ቆመ። ወረዳዎቹ ፈርሰው እንደገና ሲዋቀሩ የምርጫ ክልሎቹ በአሮጌ ቁጥራቸው ቀሩ።

የሁለቱ ወሰኖች ወሳኞችም የተለያዩ ናቸው። የክፍለ ከተማንና የወረዳን ወሰን የከተማው ምክር ቤት ይወስናል። የምርጫ ክልልን ወሰን ግን የምርጫ ቦርድ አጥንቶ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ይህ አከፋፈል ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ለመመረጥ የሚወዳደር ሰው የሚወዳደርበትን ክልል ራሱ እንዲያሠምር ቢፈቀድለት፣ የሚደግፈውን ሰፈር ወደ ውስጥ፣ የሚቃወመውን ወደ ውጭ ለማድረግ መፈተኑ አይቀርም። እንዲህ ያለው ተንኮል በብዙ አገሮች ታይቷል።

ተንኮል ባይኖርም እንኳ ወሰን በራሱ ጊዜ ያረጃል። ሕዝብ ይንቀሳቀሳልና። በ1987 ዓ. ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ነበር፤ በ1999 ዓ. ም. ደግሞ 2,739,551 ሆኖ ተገኘ። የኋለኛው ቁጥር ለ23 ክልሎች እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 119 ሺህ ሰው ይደርሳል። ግን እኩል የሚካፈለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በመሐል ከተማ የነበሩ ያረጁ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። መሐሉ ሲሳሳ ዳሩ ወፈረ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ክልል 60 ሺህ፣ ሌላው 180 ሺህ ነዋሪ ቢኖረውና ሁለቱም አንዳንድ እንደራሴ ቢመርጡ፣ በፊተኛው ክልል የሚኖር ሰው ድምፅ በኋለኛው ከሚኖረው ሦስት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ወሰኑን ለማስተካከል ደግሞ ሕዝቡን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ1999 ዓ. ም. በኋላ መካሄድ የነበረበት ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተራዝሟል፤ በሰኔ 2011 ዓ. ም. እንኳ እንደገና እንዲራዘም ተወስኗል።

እንግዲህ ከጋራ መኖሪያ ቤት በአንዱ የምትኖር አንዲት እመቤት በደጃፏ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ሳይነሣ ሳምንት ቢሞላው ወደ ማን ትሂድ? ገንዳውን የሚያስነሣው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። የመረጠችው እንደራሴ የተመረጠበት ክልል ግን ከወረዳው ጋር አይገጥምም። የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ. ም. ተካሂዶ ነበር፤ በ2010 ዓ. ም. ሊካሄድ የሚገባው ቀጣዩ ምርጫ ግን ተራዘመ። በመሆኑም ቆሻሻው በአንድ መሥመር፣ ድምፁዋ በሌላ መሥመር ይጓዛል።

አሁን ወደ ቆሻሻው ራሱ እንመለስ። ከየቤቱ የሚወጣው ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ አለ፤ ዳቦ የተጋገረበት ኮባ፣ የጫት ገረባ፣ የምድጃ አመድ አለ፤ በበዓል ሰሞን የዶሮ ላባ ይበዛል። የበግ ቆዳ በፊት ገዥው ከየበሩ ይለምነው ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ግን በበዓል ማግስት በየገንዳው ተጥሎ ይታያል። ከዚህ ሌላ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ወረቀት፣ ላስቲክ፣ ያረጀ ጫማና ልብስ አለ። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በስባሽ ነው።

የአሰባሰቡ ሥርዓት በሦስት እጅ ያልፋል። በመጀመሪያ በየወረዳው በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች በማዳበሪያ ከረጢትና በጋሪ ከየቤቱ ይሰበስባሉ። ቀጥሎ በመንገድ ዳር በተቀመጠ የብረት ገንዳ ውስጥ ይገለብጡታል። በመጨረሻም መኪና ገንዳውን አንሥቶ ወደ መጣያው ይወስዳል። ዋጋውም ከውኃ ሂሳብ ጋር ተያይዞ ከነዋሪው እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ይህ ዘዴ ለከፋዩ ብዙም አይታወቀውም፤ ነገር ግን የማይታወቅ ክፍያ የማይጠየቅ ክፍያ ይሆናል የሚል ሥጋት አለኝ። ለአንድ ነገር ገንዘብ መክፈሉን የማያውቅ ሰው ነገሩ ባይፈጸምለት «ገንዘቤስ?» ብሎ አይጠይቅምና።

ከዚህ ከተደራጀው መንገድ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ከማንኛውም የምክር ቤት ውሳኔ የቀደመ ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ነጋዴ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው በማጠር የመጣ ነው ይባላል። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተቃጠለ ምጣድ ሁሉ ይገዛል። «ልዋጭ!» የሚሉት ደግሞ በገንዘብ ፈንታ ሳህን ወይም ጎድጓዳ ዕቃ ሰጥተው ያረጀ ልብስና ጫማ ይወስዳሉ። ዕቃው ተለቅሞ ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ ከዚያም ምናለሽ ተራ በሚባለው ሥፍራ አዲስ ሕይወት ያገኛል። የዘይት ቆርቆሮ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ የጎበጠ ሚስማር ተቃንቶ ይሸጣል። ጠርሙሱ ታጥቦ ዘይት ወይም ማር ይያዝበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ጠርሙስን አጥቦ እንደ ገና በጠርሙስነቱ መገልገል አንድ ነው፤ ዕቃውን አቅልጦ ወይም ፈጭቶ ሌላ ዕቃ መሥራት ሌላ ነው። ፊተኛው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኋለኛው ግን እሳትና ፋብሪካ፣ ከሁሉም በላይ ንጹሕና ያልተደባለቀ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል። በወጥ ትራፊ የተለወሰ ወረቀት ወረቀት ሆኖ አይመለስም።

ቆራሌው የሚወስደው ግን ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። ልጣጭ ዋጋ ስለ ሌለው የሚገዛው የለም፤ ስለዚህ ትልቁ ክፍል በገንዳ ውስጥ ይቀራል። ገበያው ሊሠራ የማይችለውን ሊሠራ የሚገባው ደግሞ ሕግና ምክር ቤት ነው። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝ ነበር። የከተማ አስተዳደሮችም የቆሻሻ አያያዝ ዕቅዳቸውን ሲያወጡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን ያለው ሕዝብ እንዲሳተፍ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። ሕጉ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በብዙ ቤት ግን ልጣጩም ጠርሙሱም ከአንድ ከረጢት ይገባል።

ለምን ቢባል፣ ጥፋቱ የአባወራው ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ በሁለት ከረጢት የተለየው ቆሻሻ በአንድ ጋሪ ከተጫነና በአንድ ገንዳ ከተገለበጠ የመለየቱ ድካም ከንቱ ነው። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ አይለይም። ስለዚህ መለየት እንዲሠራ ለሁለቱ ዓይነት ሁለት የመሰብሰቢያ ቀን ወይም ሁለት ጋሪ መኖር አለበት፤ በስባሹ ወደ ኮምፖስት የሚለወጥበት ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ኮምፖስቱንም የሚወስድ አትክልተኛ ወይም ገበሬ መገኘት አለበት። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ይፈርሳሉ። እነዚህም አንዱ ቤተሰብ ብቻውን ሊፈጽማቸው የማይችል፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ውሳኔ የሚሹ ናቸው።

ያልተለየው ሁሉ ከ50 ዓመት በላይ የሄደው በከተማዪቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ አካባቢ ወዳለው ቆሼ ወደ ተባለው መጣያ ነው። በመጀመሪያ ሥፍራው ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማዪቱ ስታድግ ግን ቤቶች ከበቡት። ቆሻሻው እየተከመረ ተራራ ሆነ። ከሥሩም ላይም ድኾች ሰፈሩ፤ ብዙዎቹ ከክምሩ ላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ።

ይህን ለመተካት ሌላ መጣያ ተሠራ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ሰንዳፋ የምትባል ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ የተሠራው መጣያ ከቆሼ የተሻለ እንዲሆን የታሰበ፣ ከቆሻሻው የሚወርደው ፍሳሽ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። በ2008 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ሥፍራው ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነበር። በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ስለ ሽታው፣ ስለ ውኃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አቤቱታ አሰሙ። ክረምት ሲገባ መኪናዎቹ እንዳይገቡ ከለከሉ። መጣያው በተከፈተ በወራት ጊዜ ውስጥ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ መንገዶችም ላይ ቆሻሻ ለሳምንታት ተከመረ። በመጨረሻ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ።

ስለ ሰንዳፋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የካሣ ወይም የፍሳሽ ጉዳይ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሥር ያለው ጉዳይ የወሰን ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 አባላት አሉት፤ ከነዚህ አንዱም የሰንዳፋን ገበሬ ድምፅ የሚፈልግ አልነበረም። ገበሬው የሚመርጠው ለራሱ ወረዳና ለራሱ ክልል ምክር ቤት ነው። የከተማው ቆሻሻ ወሰኑን ተሻግሮ ደጁ ሲደርስ የገበሬው ቃል ግን ወሰኑን ተሻግሮ ከከተማው ምክር ቤት ሊደርስ አልቻለም። ስለዚህ በምክር ቤት ሊሰማ ያልቻለው ቃል በመንገድ ላይ ተሰማ። ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት የሁለቱ ወገን ተወካዮች እኩል የተቀመጡበት አንድ ሸንጎ ኖሮ ቢሆን መጣያው ወይ በሌላ ሥፍራ ይሠራ ነበር፣ ወይም ነዋሪው በሚስማማበት ሁኔታ ይከፈት ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ቆሻሻው ወደ ቆሼ ከተመለሰ ዓመት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከሥሩ የነበሩት ቤቶች ተቀበሩ። የሟቾች ቁጥር ከ110 በላይ ሆነ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስከሬን ፍለጋው ቀናት ፈጀ፤ በመላ አገሪቱም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ስለ ናዳው መንስኤ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የቆሼ ነዋሪዎች እንደ ሰንዳፋ ገበሬዎች ከወሰኑ ውጭ አልነበሩም፤ በከተማዪቱ ወሰን ውስጥ፣ በምርጫ ክልሎቿም ውስጥ ይኖሩ ነበር። ታዲያ ከወሰን ውስጥ መኖር ብቻውን ድምፅን አያሰማም ማለት ነው። በላስቲክ ቤት የሚኖር፣ የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ እንኳ ይቸገራል።

ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ. ም. በዚያው ሥፍራ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ከልጣጭና ከትራፊ የተሞላ እርጥብ ቆሻሻ ግን በቀላሉ አይነድም፤ ከእሳቱ ሙቀት ብዙው ውኃውን በማድረቅ ያልቃል። በመሆኑም በየቤቱ በስባሹን ከደረቁ መለየት ለኮምፖስት ብቻ ሳይሆን ለምድጃውም ይጠቅማል። ከምድጃው ደግሞ አመድ ይወጣል። አመዱ ከቆሻሻው ያነሰ ቢሆንም የሚቀበርበት መሬት ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ወሰን ውስጥ ደግሞ ባዶ መሬት ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄዷል።